ፎቶ በቴሌግራም አዝዞ ከፎቶ ቤት መውሰድ፦ የጅማ ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቁን

ጅማ ውስጥ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ድሮ ሰው ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ብዙው ሰው ቤቱ ሆኖ ይልክና ሲያልቅ መጥቶ ይወስዳል። ይሄ ጥሩ ነው። ግን አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ቆንጆ ሆኖ የተነሳ ፎቶ፣ ገና ማሽናችን ጋ ሳይደርስ፣ ሲላክ ተበላሽቶ ይመጣል። ደንበኛው ደግሞ ወረቀቱን ሲያይ ያጠበው ሰው ያበላሸው ይመስለዋል። የሚደውሉልን ሰዎች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ኦንላይን ማዘዝ ሲባል ዌብሳይት ገብቼ ነው?

አይደለም። እኛ ጋ ኦንላይን ማለት በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። ፎቶውን ትልካላችሁ፣ መጠኑንና ብዛቱን ትጽፋላችሁ፣ ሒሳቡ ይነገራችኋል፣ ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ሲደርስ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ያለ ፎቶ ቤትም ይሁን ፈረንጅ አራዳ ያለ፣ አካሄዱ ያው ነው። በመጀመሪያ ግን ደውላችሁ ትክክለኛውን የቴሌግራም ቁጥር ጠይቁ። በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር አንዳንዴ የቆየ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ለማይታወቅ ሰው መላክ አይገባም።

ፎቶውን በምን መልክ ልላክ?

በፋይል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳን ይቺን ያዙልኝ።

ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ከጋለሪ መርጣችሁ እንዲሁ ስትልኩት፣ ኢንተርኔት እንዳይበላ ብሎ ያሳንሰዋል። ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይወርዳል። ስልካችሁ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ካለው ግን ኦሪጅናሉ 4000 በ3000 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በስልክ ስክሪን ላይ አይታይም፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ይጋለጣል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ጥሩ ህትመት የሚባለው በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ፒክስል ሲኖር ነው። 1280ውን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ብናወጣው በኢንች 217 አካባቢ ይደርሳል። ይሄ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ሰው ልዩነቱን አያስተውልም። ያንኑ ፎቶ ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብላችሁ 20 በ30 ብታዙት ግን ወደ 108 ይወርዳል። ያኔ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የጥልፉ ክር ይጠፋል፣ ፊት የተቀባ ይመስላል። እኛ ምንም ብናደርግ የጠፋውን መመለስ አንችልም።

አላላኩ ቀላል ነው። ቻቱ ውስጥ የወረቀት መያዣ የምትመስለውን ምልክት ንኩ፣ ጋለሪ የሚለውን ትታችሁ ፋይል የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ ፎቶዎቹን ፈልጋችሁ ላኩ። በትክክል ከተላከ ፎቶው ቻቱ ላይ በትልቁ አይዘረጋም፤ ስሙና ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ተጽፎ በትንሹ ይታያል። ዋትስአፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ዶክመንት የሚለው ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ፋይል ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አንዱ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። 30 ፎቶ ከላካችሁ ከ90 እስከ 120 ሜጋባይት ማለት ነው። ስለዚህ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ማታ ላኩት፣ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጠብቁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢ ሆነው ልከው ከተማ ሲወጡ ይወስዳሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ኔትወርኩ አልሄድ ካለ ግን በፍላሽ ይዞ መምጣት ምንም ነውር የለውም።

አይፎን ነው ያለኝ። ባላችሁት መንገድ በፋይል ልኬ “አልተከፈተም” አላችሁኝ። ለምን?

አይፎን ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ዓይነት ነው። ሁሉም የፎቶ ቤት ኮምፒውተር አያነበውም። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ፣ ከዚያ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ጄፔግ፣ ማለትም የፎቶ ቤት ኮምፒውተር የሚያነበው ዓይነት፣ ይሆናል። ቀድሞ የተነሳውን ግን አይቀይረውም፤ እሱን ስትልኩ “አይፎን ነው” ብላችሁ ብቻ ንገሩን፤ እኛ እንቀይረዋለን።

ፌስቡክ ላይ ያለውን ፎቶ ስክሪንሹት አድርጌ ብልክስ?

ባትልኩት እመርጣለሁ። ስክሪንሹት የሚያስቀረው ስክሪኑ ላይ የታየውን ያህል ብቻ ነው። ወርዱ 1080 ፒክስል በሆነ ስልክ ላይ በአግድም የተነሳ ፎቶ 1080 በ810 ሆኖ ይቀራል። ለትንሽ ፎቶ ይሆናል፣ ለፍሬም አይሆንም። ፎቶውን ያነሳውን ሰው ፈልጉና ኦሪጅናሉን በፋይል እንዲልክላችሁ ለምኑት። በሕይወት የሌለ ሰው ፎቶ ሆኖ ሌላ ምንጭ ከጠፋ ደግሞ ስክሪንሹቱንም ላኩ። ያለውን ይዘን የምንችለውን እናደርጋለን፤ በትንሹ እንዲታጠብ ግን እመክራለሁ።

የትኛው መጠን ነው የሚሻለኝ? የአክስቴ ግማሽ ፊት ተቆርጦ ነው የወጣው!

ይሄ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የስልክ ፎቶ ቅርጹ 4 ለ3 ነው። 10 በ15 ወረቀት ደግሞ 3 ለ2 ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እንዲሞላ ከፎቶው 11 በመቶ ያህሉ መቆረጥ አለበት። ስልኩን አጋድማችሁ ካነሳችሁ ከላይና ከታች ይሄዳል፤ ከኋላ የቆሙት ረጃጅሞች ጭንቅላታቸውን ያጣሉ። ስልኩን አቁማችሁ ካነሳችሁ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ይሄዳል፤ ዳር የቆመችው አክስት ያን ጊዜ ነው የምትጎዳው።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ “ሳይቆረጥ፣ ነጭ ጠርዝ ይኑረው” ብላችሁ ማዘዝ። ሙሉው ፎቶ ይወጣል፣ በሁለት ጎን ነጭ ይቀራል። ሁለተኛ፣ 15 በ20 ማዘዝ፤ ይሄ መጠን ልክ 4 ለ3 ስለሆነ ከስልክ ፎቶ ምንም አይቆርጥም። የቡድን ፎቶ ከሆነ እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። 13 በ18ም ክፉ አይደለም፤ የሚቆርጠው ትንሽ ነው። ሦስተኛ፣ ገና ስታነሱ ዙሪያውን ክፍት ቦታ መተው። ምረቃ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲቆም አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቁ፤ ጥቅሙን በኋላ ታዩታላችሁ።

ለግድግዳ 20 በ30 ከ12 ሜጋፒክስል ስልክ በደንብ ይወጣል፣ በፋይል ከተላከ። ከዚያ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶውን ላኩና እንየው።

ትእዛዙን እንዴት ልጻፈው?

ባጭሩና ባንድ መልእክት። ፎቶውን ዛሬ፣ መጠኑን ነገ፣ ብዛቱን በድምፅ ከላካችሁ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ይደበላለቃል። ለምሳሌ እንዲህ (“ማት” ማለት የማያብለጨልጭ ወረቀት ነው)፦

“ሰላም። 24 ፎቶ በፋይል ልኬያለሁ። ሁሉም 10 በ15፣ ማት፣ አንድ አንድ ፍሬ። ሰባተኛዋ ብቻ ሁለት ፍሬ። ሳይቆረጥ፣ ነጭ ጠርዝ ይኑረው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ወንድሜ ይወስዳል። ጠቅላላ ሒሳቡን ንገሩኝ።”

እንዲህ የተጻፈ ትእዛዝ ሲመጣልን ደስ ይለናል። ችግር ቢፈጠርም ማን ምን እንዳለ በጽሑፍ አለ። ያዘዛችሁት 15 በ20 ሆኖ 10 በ15 ከወጣ ጥፋቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ በነፃ መታጠብ አለበት። በስልክ ብቻ የተነገረ ነገር ግን ክርክር ያመጣል።

ስልኬ ላይ ብሩህ የነበረው ለምን ጠቆረ?

ስክሪን ራሱ ብርሃን ይሰጣል፣ ወረቀት ግን አይሰጥም። የስልካችሁ ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ከሆነ ፎቶው ከእውነቱ በላይ የፈካ ይመስላችኋል። ከመላካችሁ በፊት ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርዱትና እንደገና እዩት። ያኔ ፊቱ ከጨለመባችሁ ወረቀት ላይም ይጨልማል። በተለይ ከኋላ ሰማይ ወይም መስኮት ያለበት ፎቶ እንዲህ ይሆናል።

“ትንሽ አፍኩት” ብላችሁ ብትጽፉ እናስተካክላለን። አንድ ነገር ግን ልበል። ፊት ማፍካትና ቆዳ ማንጣት አንድ አይደሉም። ሳይጠየቅ የሰው መልክ የሚያነጣ ቤት ካጋጠማችሁ “መልክ አትንኩ” ብላችሁ ጻፉ። እናት ፎቶ ላይ የምታምረው የራሷን መልክ ይዛ ስትወጣ ነው፤ ልጆቿም ወደፊት ማየት የሚፈልጉት እሱን ነው።

ግሎሲ ወይስ ማት?

ግሎሲው ያብለጨልጫል፣ ቀለሙም ደመቅ ይላል። ጣት ሲነካው ግን አሻራ ይይዛል፣ መብራት ሲያርፍበትም ያንጸባርቃል። ማቱ ረጋ ያለ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞር ፎቶ ይሻላል። ሌላው የጅማ ዝናብ ነው። እዚህ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ቤት ውስጥ እርጥበት ይገባል። ግሎሲ ፎቶ በቀጥታ ከፍሬም መስታወት ጋር ከተጣበቀ በኋላ ሲላቀቅ ይላጣል። ግሎሲ ከወደዳችሁ በመስታወቱና በፎቶው መሀል የካርቶን ጠርዝ እንዲደረግ ጠይቁ።

ማሽኑ ለውጥ ያመጣል?

አዎ፤ “በምን ነው የምታጥቡት?” ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በኬሚካል የሚያጥብ ማሽን አለ፣ በሙቀት ቀለም የሚያትም አለ፣ በቀለም የሚረጭ ፕሪንተር አለ። በሙቀት የሚሠራውን ቆማችሁ ብታዩት ደስ ይላል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ይመላለሳል። መጀመሪያ ቢጫው ብቻ ያርፍበታል፣ ሰውየው እንደ ጥላ ይታያል። ከዚያ ማጀንታው (ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ) ይጨመርና ፊት ፊት መምሰል ይጀምራል። ሳያኑ (ውሃ ሰማያዊው) ሲገባ ሰማዩና ቅጠሉ ይወጣል። በመጨረሻ ውሃና አሻራ የሚከላከል ስስ ሽፋን ይለበሳል። ከማሽኑ ሲወጣ ደረቅ ነው፣ ወዲያው ልትይዙት ትችላላችሁ።

በተራ የቀለም ፕሪንተር የወጣ ግን ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል። ለጊዜያዊ ነገር ችግር የለውም። ለአልበም ከሆነ ግን ሌላውን ምረጡ።

ጉርድ ፎቶ ራሴ ቤት ሆኜ ተነስቼ ብልክስ?

ይቻላል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅ ብላችሁ፣ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙራችሁ፣ ሌላ ሰው ያንሳችሁ። ሰልፊ ፊት ያጣምማል። መጠኑን ግን ከሚቀበለው መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ ላኩ። 3 በ4 የሚል አለ፣ 3.5 በ4.5 የሚል አለ፤ የአሜሪካ ቪዛ 5 በ5 ነው። ዲቪ ለሚሞሉ ደግሞ የሚፈለገው ወረቀት ሳይሆን ፋይል ነው፦ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ያለ መነጽር፣ ከ6 ወር ወዲህ የተነሳ። ፊልተርና ማስዋቢያ አትንኩበት።

ክፍያው እንዴት ነው? ሳላየው ልክፈል?

ቀብድ መጠየቅ ያለ ነው፤ ታዞ የሚቀር ፎቶ ለሌላ ሰው አይሸጥምና። ሙሉውን ሳታዩት ክፈሉ ከተባላችሁ ግን ከዚያ ቤት ጋር ካልተዋወቃችሁ አትቸኩሉ። በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር ስትከፍሉ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ። ከፎቶ ቤቱ ከተነገራችሁ ስም ጋር ካልገጠመ አቁሙና ደውሉ። ከከፈላችሁ በኋላ የግብይት ቁጥሩን ላኩልን። ዋጋ የተለያየ ነው፤ ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ ስለሚገባ ከወር ወር ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ባለፈው የከፈላችሁትን ይዛችሁ አትምጡ፣ ሁልጊዜ ጠቅላላውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መቼ ይደርሳል?

ጥቂት ፎቶ ከሆነና መብራት ካለ በዚያው ቀን። መብራት ከጠፋ እኛም እንደ እናንተ እንጠብቃለን። በጥር ሠርግ፣ በዒድ ማግስትና በምረቃ ሰሞን ሰው ይበዛል፤ ለእነዚህ ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ሰዓት ስትጽፉ “ጠዋት” ወይም “ከሰዓት በኋላ” የሚለውን ጨምሩ። ቴሌግራሙ በፈረንጅ ሰዓት፣ እኛ በሀበሻ ሰዓት እያየን “8 ሰዓት” ብቻ ሲባል ሰው በከንቱ ይመላለሳል። “ደርሷል” የሚል መልእክት ሳይመጣላችሁም ከቤት አትውጡ፤ ከቆጪ ወይም ከኪቶ በባጃጅ መጥቶ ባዶ እጅ መመለስ ያናድዳል።

አጋሮ ነው ያለሁት። ሌላ ሰው ሊወስድልኝ ይችላል?

ይችላል። የሚወስደውን ሰው ስምና ስልክ ከራሳችሁ ቴሌግራም ጻፉልን፤ ያለዚያ ለማናውቀው ሰው አንሰጥም። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ ወይም ከደዶ ለሚያዙ ሰዎች ከሚያውቁት ሹፌር ጋር እንልካለን። “በሁለት ካርቶን መሀል አድርጉልኝ፣ በላስቲክም ጠቅልሉት” በሉ። መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ወይም ዝናብ ነክቶት የሚደርስ ፎቶ ያሳዝናል።

ስወስድ ምን ልይ?

ፖስታውን ሳትከፍቱ አትሂዱ። የሱቁ አምፖል ቀለም ያሳስታል፤ ስለዚህ በር ላይ ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። ጠርዙን ይዛችሁ፣ መጀመሪያ ነጭ ነገር ፈልጉ። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ካለ እሱን እዩ። ነጩ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሮዝ ካደላ የሁሉም ሰው ፊት ቀለም አብሮ ተዛብቷል ማለት ነው፤ መልሳችሁ ንገሩን። ቀጥላችሁ ሰማይ ወይም ግድግዳ ያለበትን ቦታ አዘንብላችሁ ተመልከቱ፤ ቀጭን ቀጭን መስመር ካለ የማሽኑ ጥፋት ነው። መጨረሻ ላይ ቁጠሩት።

የሴቶች ብቻ ዝግጅት ፎቶ ነው። ማን ያየዋል?

ይሄን ብዙ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ሻሽ ወይም ሒጃብ ሳይደረግ የተነሳ የሙሽራ ፎቶ ለማንም ዓይን አይደለም። ከመላካችሁ በፊት የምትሠራ ሴት አለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለች እሷ ስትገባ ላኩ፣ እሷው ትጠበው። ለናሙና መስኮት ላይ እንዳይለጠፍም በጽሑፍ ተናገሩ። ፎቶውን ከወሰዳችሁ በኋላ ቴሌግራም ላይ ለሁለቱም ወገን ማጥፋት ትችላላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የወረደው ግን በዚያ አይጠፋም፤ “እኔ እያየሁ አጥፉት” ማለት ይቻላል። ቅር የሚለው ቤት ካለ ሌላ ቤት ሂዱ።

የአባቴ የድሮ ፎቶ አለኝ። በስልክ አንስቼ ልላክ?

የሚቻል ከሆነ ፎቶውን ራሱን አምጡት። በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስናነሳው የስልክ ጥላና ጠመዝማዛነት የለበትም፣ ከፍ አድርጎ ማጠብም ይቻላል። መስታወት ላይ የተጣበቀ ከሆነ ግን በፍጹም አትላጡት፤ ከነመስታወቱ አምጡ፣ በላዩ እናነሳዋለን። ጭረቱን ስናስተካክል ፊቱን እንዳንቀይር አባታችሁን የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

እህቴ አሜሪካ ናት። ከዚያ አዝዛ እኔ እዚህ ልውሰድ?

አዎ። እዚያ እንደ ዋልግሪንስና ሲቪኤስ ያሉ መደብሮች በአፕ ታዝዞ በዚያው ቀን የሚወሰድ ፎቶ ያጥባሉ፤ ግን የሚወሰደው እዚያው ነው። ለእናንተ የሚቀለው እሷ በፋይል ለእኛ ትላክ፣ እናንተ ክፈሉና ውሰዱ። እዚያ መጠን የሚጠራው በኢንች ስለሆነ እሷ “4 በ6” ስትል የእኛ 10 በ15 ነው፣ “8 በ12” ደግሞ 20 በ30። ስትጽፍልን ኢንች መሆኑን ትጥቀስ።